ጥይት ለምን ይከሽፋል? በጅማ እርጥበት ጠመንጃና ጥይት እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚያዝ

በየመጋዘኑ ደጅ፣ በየቡና ማጠቢያ ጣቢያው የጥበቃ ጎጆ የማያልቅ ክርክር አለ፤ ክላሽ ይሻላል ሲሞኖፍ፣ የሚታመነው የራሺያ ጥይት ነው የቻይና፣ የድሮው ነው የአሁኑ። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ የቆዳ ጫማ ከአልጋ ሥር እንደተቀመጠ ሻጋታ የሚያበቅልባት ከተማ ናት። እዚህ ከፋብሪካው ስም በፊት የሚጠየቀው «ይሄ መሣሪያ ባለፈው ክረምት የት ከረመ?» ነው። ስመ ጥሩ ጥይት አራት ክረምት በቆዳ ዝናር ውስጥ ካሳለፈ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ግን በደረቅ ቆርቆሮ የቆየው ይበልጠዋል።

ከዚህ በታች ያለው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላላቸው ሰዎችና ለድርጅት ጥበቃዎች የተጻፈ ነው። ምርመራው ሁሉ ያለ ተኩስ ይሠራል። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ወደ ሰማይ መተኮስ አደገኛ ነው፣ ያስጠይቃል፣ ደግሞም አንድ ጥይት መፈንዳቱ ስለ ቀጣዩ የሚናገረው የለም።

መጀመሪያ ባዶ ያድርጉት

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ። ካዝናውን ያውጡ፤ እንደ ሲሞኖፍ ካዝናው የማይነቀል ከሆነ ክዳኑን ከሥር ከፍተው ጥይቱን ያራግፉ፤ ከዚያ በኋላ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስበው የጎረሰ ጥይት ካለ ያስወጡ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበሉ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይጎርሳል፣ «ባዶ ነው» ተብሎ ሰው የሚሞተውም በዚህ ነው። ከዚያ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይን ይዩ፣ በትንሿ ጣት ይዳስሱ። ጥይቶቹን ሰብስበው ሌላ ክፍል ያስቀምጡ፤ መወልወያና ጥይት አንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም።

ሁሉም «7.62» አንድ አይደለም

አገራችን ውስጥ ያለው መሣሪያ ከብዙ ዘመን የተጠራቀመ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተገዛው የቤልጂግ ማውዘር አለ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ካርካኖ አለ፣ በጃንሆይ ጊዜ የመጣ የአሜሪካ ኤም 1 አለ፣ ከደርግ ወዲህ ደግሞ ክላሽና ሲሞኖፍ። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ተቀላቅሎ የተገኘ ጥይት «ሰባት ነጥብ ስድስት ሁለት ነው» ስለተባለ ብቻ አይታመንም። የአረሩ ውፍረት ቢቀራረብም ቀለሁ ይለያያል። ክላሽና ሲሞኖፍ የሚጎርሱት 7.62 በ39 ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ካርባይን 33፣ ኤም 14 51፣ ኤም 1 ደግሞ 63 ነው። የድራጉኖቭ ጠመንጃና የፒኬኤም መትረየስ 54 ሲሆን ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። የቶካሬቭ ሽጉጥ 25 ነው። ቤልጂጉ 7.92 በ57፣ ካርካኖው 6.5 በ52 ነው። የማካሮቭ ሽጉጥ 9 በ18 እንጂ የብራውኒንግ 9 በ19 አይደለም፤ በግድ የገባ ይሁን ልል የሆነ፣ ሁለቱም ጣት ያሳጣሉ። የትምህርት ቤት ማስመሪያ ይበቃል፦ ቀለሁን ከቂጡ እስከ አፉ ይለኩ፣ በርሜሉ ላይ ወይም ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ።

ኤም 1 ስምንት፣ ካርካኖ ስድስት ጥይት በሚይዝ የቆርቆሮ ማቀፊያ ነው የሚጎርሱት። ማቀፊያው ከጠፋ ሁለቱም አንድ በአንድ የሚተኩሱ ሆነው ይቀራሉ። «ይነክሳል» (ጥይት ይቀረቅራል) ተብለው የተጣሉ ካርካኖዎች ውስጥ ማቀፊያቸው የጎበጠ ወይም የጠፋ ብቻ ይገኝባቸዋል።

ቂጡ ላይ የተጻፈው

ቀለሁን ገልብጠው ወደ ብርሃን ያዙት። በሶቪየት ጥይት ላይ በአንድ በኩል የፋብሪካው ቁጥር፣ በሌላው በኩል የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ይታተማሉ። 17 ባርናውል፣ 539 ቱላ፣ 60 ፍሩንዜ (የዛሬዋ ቢሽኬክ)፣ 270 ሉጋንስክ፣ 3 ኡልያኖቭስክ ነው። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና «74» ካለ በእኛ 1966 ወይም 1967 ማለት ነው። ዕድሜው ብቻውን አያስፈራ፤ ያልተከፈተ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የቆየ የሶቪየት ጥይት ከአርባ ዓመት በኋላም በደንብ ይተኩሳል። ጣሳው ከተከፈተ በኋላ ግን ሒሳቡ የሚጀምረው ከተከፈተበት ቀን ነው።

የቀለሁ ብረት ሁለተኛው ምልክት ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም የተቀባው የብረት ቀለህ የሶቪየት ዓይነት ነው፤ ቀለሙ እርጥበት ያግዳል፣ ከተላጠ ግን ሥሩ ይዝጋል። የድሮው የቻይና ጥይት ብዙ ጊዜ ብረት ሆኖ በስሱ መዳብ የተለበጠ ነው፤ ያምራል፣ ነገር ግን ጭረቱ ላይ ቶሎ ይዝጋል። ከነሐስ የተሠራው ይለጠጣል፣ ተመልሶም ይሸበሸባል፤ ከበርሜሉ በቀላሉ ይወጣል። ብረቱ እንዲህ አይደለም፤ ክላሽ ያለ ችግር የሚያስወጣው የ7.62 በ39 ቀለህ ከቂጡ ወደ አንገቱ እየሾጠጠ ስለሚሄድ ነው።

የዛሬዎቹን የንግድ ጥይቶች በተመለከተ የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን እና የቼኩ ሴሊየር ኤንድ ቤሎ ነሐስ ቀለህና ጨው የሌለው ማቀጣጠያ ይጠቀማሉ፤ ለእርጥብ አገር ከእነሱ የሚሻል ማግኘት ይከብዳል። ባርናውልና ቱላ ለንግድ የሚያወጡት ብረት ቀለህ ነው፤ ለክላሽ ይስማማል፣ ጠባብና ንጹሕ መጉረሻ ለሚፈልግ መሣሪያ ግን ምርጫ አይሆንም። የሚያሳስተው የዩጎዝላቪያ ወታደራዊ ጥይት ነው፦ ነሐሱ ያብረቀርቃል፣ አዲስ ይመስላል፣ ማቀጣጠያው ግን ጨዋማ ነው።

ጨዋማ ሲባል ምን ማለት ነው? በድሮ ወታደራዊ ጥይት ማቀጣጠያ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። በርሜሉ ውስጥ፣ በጋዝ ቱቦውና በፒስተኑ ላይ ይቀመጥና ከአየር ውሃ ይስባል። ጅማ ላይ በሐምሌ ማታ የተተኮሰ መሣሪያ ጠዋት ቀይ ዝገት ይዞ ይገኛል። የምሥራቁ ጎራ ወታደራዊ ጥይት፣ እንዲሁም በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የኤም 1 ጥይት ሁሉ ጨዋማ ነው ብሎ መነሣት አያከስርም።

ጥይቱን አንድ በአንድ

ነጭ ጨርቅ ዘርግተው፣ በቀን ብርሃን፣ ደመና በሌለበት ሰዓት ይሥሩ። እያንዳንዱን ጥይት በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ። ዘይት፣ ነጭ ጋዝ ወይም ዝገት ማላቀቂያ የሚረጭ ቆርቆሮ ጥይት አይንካ፤ በማቀጣጠያው ጠርዝ ሰርጎ ይገባና ያረክሰዋል። «ዘይት ቀብቼ ነው ያስቀመጥኩት» የተባለ ጥይት ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚከሽፈው በዚህ ነው።

በጣት ጫፍ ቂጡን ይዳስሱ። መሃል ያለችው ክብ ማቀጣጠያ ከቂጡ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ገባ ያለች መሆን አለባት፤ ወጣ ካለች ጥይቱ ይጣል፤ መዝጊያው ሲዘጋ ራሱ ሊያፈነዳት ይችላል። በዙሪያዋ አረንጓዴ ወይም ቀይ ዝገት ካለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ፋብሪካው የቀባው ለስላሳ የቀለም ቀለበት ግን እርጥበት ማገጃ ነው። ቀጥሎ አረሩን በጣት ያሽከርክሩ፤ ከተንቀሳቀሰ ይጣል። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አቁመው ርዝመቱን ይዩ፤ ያጠረው አረሩ ወደ ውስጥ ገፍቷል፣ ግፊቱም ከልክ በላይ ይሆናል። ዝገት በጨርቅ ከለቀቀ ደግ ነው፤ በጥፍር ሲዳሰስ ጉድጓድ ካለው ግን አይጎርስም።

የነሐስ ቀለህ አንገት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይፈልጉ። ይህ ከብት ከሚያድርበት አጠገብ የተቀመጠ ጥይት በሽታ ነው፤ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ የተወጠረ ነሐስን ይሰነጥቃል። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በክረምት ጥይታቸውን በፈረስ ጋጣ ሲያከማቹ የደረሰባቸው ይኸው ነበር። በረቱ ከመኝታ ቤት በአንድ ግድግዳ በሚለይበት የጅማ ዙሪያ ገጠር ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ከሁሉ በላይ ጥበቃዎችን የሚመለከተው። ተረኛ ሲገባ ያቀባብላል፣ ሲወጣ ያስወጣል፤ ያቺው አንዲት ጥይት ካዝናው አናት ላይ ትመለሳለች፣ ነገም እሷው ትጎርሳለች። የክላሽና የሲሞኖፍ መምቻ መርፌ ልቅ ነው፣ መዝጊያው በተዘጋ ቁጥር ወደ ፊት ዘልሎ ማቀጣጠያዋን በትንሹ ይነካል። ጥይቷን ገልብጠው ቢያዩ መርፌ የነካት ነጥብ ይታያል። ስትደጋገም ማቀጣጠያዋ ውስጥ ያለው ድብልቅ ይሰነጣጠቃል፣ አረሩም እየተገፋ ይገባል። በሚያስፈልግበት ቀን የመጀመሪያዋ ጥይት ከሸፈች ተብሎ ፋብሪካው ይወቀሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በተረኛ ለውጥ ጊዜ አለማቀባበል፤ የጎረሰች ጥይት ስትወጣ ቀለኋ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ማድረግና ከካዝናው ሥር ማስገባት፤ ሦስት ጭረት ያላትን ማስወገድ።

ከሸፈ፣ ነከሰ፣ ታፈነ

ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያል።

ቃታ ተስቦ ካልፈነዳ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሡ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ከዚያ ያስወጡና ማቀጣጠያዋን ይዩ። መርፌው የመታት ጉድጓድ ጥልቅና ጥርት ያለ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ከዚያው ሣጥን የወጣው ሁሉ ይጠርጠር። ጉድጓዱ ጥልቀት የሌለው ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፦ የደከመ ሞላ፣ ወይም በግራሶና በዝገት የተያዘ መርፌ። ብዙ ሰው ይህን አንድ ነገር ሳያይ ነው ጥይት የሚያማርጠው።

ለሲሞኖፍ አንድ ፈተና ግዴታ ነው። መዝጊያውን አውጥተው ጆሮ አጠገብ ያንቀጫቅጩት፤ መርፌው ውስጥ ሲመላለስ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ ከፋብሪካ የተቀባው ወፍራም ቅባት ደርቆ ወይም ዝጎ መርፌውን ይዞታል። ወደ ኋላ ተይዞ ከሆነ ይከሽፋል። ወደ ፊት ተይዞ ከሆነ መዝጊያው ሲዘጋ ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል፣ ካዝናው እስኪያልቅም ላይቆም ይችላል። በነጭ ጋዝ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ መርፌው የሚመላለስበትን ቀዳዳ ይጥረጉ፣ ደረቅ አድርገው ይግጠሙ። እዚያ ውስጥ ዘይት አይጨመርም።

መንከስ አብዛኛውን ጊዜ የካዝና ነገር ነው። ካዝናዎቹን በቀለም ቁጥር ይስጡና የትኛው ላይ እንደሚነክስ ይያዙ፤ ችግሩ ካዝናውን ተከትሎ ከሄደ ጠመንጃውን ተዉት። የካዝናው ከንፈር ተጎንብሷል ወይም ተከፍቷል፣ አለዚያ የጥይት መግፊያው ሲጫኑት አንድ ጎኑ ይያዛል። የጎበጠ ከንፈር በፒንሳ ቢቃናም ተመልሶ ይጎብጣልና ለሥራ አይያዝ። ቀለህ ከበርሜል አልወጣ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ይታያል፤ የመጉረሻው ውስጥ ጥቀርሻ፣ እና ቀለሁን የሚጎትተው ጥፍር ሥር የተጠራቀመ ቆሻሻ። በማውዘር ጥይት በእጅ በርሜል ውስጥ ጥሎ መዝጋት ልማድ ነው፤ ጥፍሩ የተሠራው ከካዝና የሚመጣውን ከሥር እንዲይዝ ስለሆነ እንዲህ ሲደረግ ይሰበራል።

የታፈነ ድምፅ ከሰሙ፣ ደካማ «ፉፍ» ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛ አይተኩሱ። አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ቀጣዩ በርሜሉን ይቀደዋል። ባዶ አድርገው ዘንግ ያስገቡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፉን ያረጋግጡ። ካላለፈ መዶሻ አይነሣም፤ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ውሃ ይቅደም፣ ዘይት ይከተል

ጨዋማ ጥይት ከተተኮሰ መሣሪያው በዚያው ቀን መታጠብ አለበት። ዘይት ጨውን አያሟሟም፣ ሸፍኖት ብቻ ይቀመጣል። ሁለት ሊትር ውሃ ያፍሉ፤ ግማሹ ውስጥ ጥቂት ሳሙና ያሟሙ። መዝጊያውንና የጋዝ ቱቦውን ያውጡ። የሳሙናውን ውሃ ከመጉረሻው በኩል በማንቆርቆሪያ ያፍስሱ፤ ጨርቅ በመወልወያ ዘንግ ደጋግመው ያሳልፉ፣ ከዚያ በንጹሑ የፈላ ውሃ ያለቅልቁ። ብረቱ ስለሚሞቅ ራሱን ያደርቃል። ፒስተኑን፣ የጋዝ ቱቦውንና የመዝጊያውን ፊት አይርሱ፤ የክላሽ በርሜል ውስጡ ክሮም የተለበጠ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፣ የሚበላው የጋዝ ክፍሉ ነው። ዘንጉን ከአፈሙዝ በኩል ሲያስገቡ በጣት ይምሩት፤ ጠርዙን እየፋቀ ከሄደ ጥይቱ ከዒላማ መሳት ይጀምራል።

በደንብ ሲደርቅ ጨርቅ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት አድርገው በስሱ ይቀቡ። በማግሥቱ ነጭ ጨርቅ ያሳልፉ፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ እጥበቱ ይደገም። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ።

የዘይቱ ዓይነት የሚመስለውን ያህል አያስጨንቅም። አዲስ የሞተር ዘይት በስሱ ይሆናል። የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን ቀጭን ስለሆነ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ይታደሳል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አሲድና ጥቀርሻ አለው፤ ጋራዥ በነጻ ስለሰጠ አይቀባም። የኑግ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ይወፍራል፣ ሙጫ ይሆናል። ቅቤም ይሻግታል። በርሜሉና የጋዝ ክፍሉ ከመተኮስ በፊት ደረቅ ይሁን።

እንጨቱ ሥር የተደበቀውን ዝገት ብዙ ሰው አያየውም። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የቡና ለቀማው ሳይጀመርና የጥበቃ ሥራው ሳይበዛ፣ ማውዘሩን ወይም ሲሞኖፉን ከእንጨቱ ለይተው በርሜሉ የሚተኛበትን መስመር ይዩ። ውጪው እንደ መስታወት እያበራ ሥሩ ተቦርቡሮ ይገኛል። ለሰደፉ አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ከሁለት እጅ የተልባ ዘይት ጋር በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጠው በስሱ ያሹት፤ ሰም ለጅማ ብርቅ አይደለም። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉ፣ ዘርግተው ያድርቁት፤ ተጨማድዶ ከተተወ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል።

የት ይቀመጥ

ጋቢ ላብና እርጥበት ይይዛል። ጆንያም እንዲሁ። ፌስታል ደግሞ ሌሊት ውስጡን ያልበዋል። የቆዳ ማኅደርና ዝናር ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይደሉም፤ በቆዳው ማልፊያ ያለው ነገር ነሐስን ያረነጉዳል፣ ብረትን ያዝጋል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባልና መሣሪያው ተደግፎበት አይክረም። ተቆልፎ፣ ሕፃን በማይደርስበት፣ ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አግድም ወይም አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ፤ ወደ ላይ ከቆመ ዘይቱ ወርዶ መዝጊያውና ሰደፉ ውስጥ ይጠራቀማል።

ጥይት ከመሣሪያው ተለይቶ፣ ላስቲክ ያለው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቆለፍ። ቆርቆሮው የሚታሸግበት ቀን ዋጋ አለው፤ በነሐሴ ዝናብ የታሸገ ቆርቆሮ የነሐሴን አየር ይዞ ይቆያል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ እኩለ ቀን ላይ ይሸጉ። አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስበው፣ ከሞቀ ምጣድ አጠገብ አድርቀው አብረው ቢከቱ ይረዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ግን አይሆንም፤ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ሙቀቱ ባሩዱን ያስረጃል። ቆርቆሮው ሲከፈት የሚኮመጥጥ፣ የአሲድ ዓይነት ሽታ ከመጣ ባሩዱ መበላሸት ጀምሯል።

በምርመራው የወደቀ ጥይት ምድጃ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ወይም አዌቱ ወንዝ አይጣልም፤ ተፈታቶም ባሩዱ አይወሰድም። ተቆጥሮ፣ ለብቻው በተጻፈበት ጣሳ ተቀምጦ፣ ፈቃዱን ለሰጠው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ ይመለሳል። ደረሰኙ ከፈቃዱ ጋር ይቀመጥ፤ በእጅ ያለው ጥይት ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያልተመሳሰለ ዕለት የሚጠየቀው እሱ ነው።